የውሻ ዳኛ ለከብት ነጋዴ ምን ያስተምራል?

ኢስትሊ ከብት የማይታይበት የከብት ገበያ ነው። ገዢው ሰከንድ አቬኑ ላይ ሻይ ቀርቦለት ተቀምጧል፣ ሻጩ ሞያሌ ነው፣ ከብቱ ደግሞ ከሞያሌም ወዲያ ዱብሉቅ ወይም ያቤሎ ቆሟል። በመካከላቸው የሚመላለሱት ፎቶግራፍ፣ የድምፅ መልእክትና አንድ አባባል ናቸው፦ «ጥሩ ነው»። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በዚህ አባባል ነው።

ጠቡም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ሻጩ «ጥሩ» ሲል በዕለቱ ገበያ ከወጡት ጋር አወዳድሮ ነው። ድርቅ በመታው ወር ከከሱት ሃምሳ ከብቶች መካከል ትንሽ የተሻለው «ጥሩ» ይባላል። ገዢው «ጥሩ» የሚለው ግን ባለፈው ሳምንት ከሌላ ሻጭ የደረሰውን ጭነት እያሰበ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ልዩነቱ የሚገለጠው ከብቱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ናይሮቢ ከመኪና ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ከብቱን ጭኖ መመለስ አይችልም፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይሰብራል።

ይህን ችግር ከእኛ ቀድመው አግኝተው መላ ያበጁለት ሰዎች አሉ። የከብት ሰዎች አይደሉም፤ ውሻ አርቢዎች ናቸው።

ጃምሁሪ ፓርክ ላይ የሚሠራው

በንጎንግ መንገድ የሚገኘው የጃምሁሪ ፓርክ ሜዳ ለአብዛኞቻችን የሚታወቀው በዓመታዊው የናይሮቢ ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት ነው። በዚያ ትርኢት የቦረና ኮርማዎች በገመድ እየተሳቡ ዳኛ ፊት ያልፋሉ። የምሥራቅ አፍሪካ ኬነል ክለብም የውሻ ውድድሮቹን የሚያካሂደው በዚሁ ሜዳ ነው።

የውሻ ነገር ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። በሃይማኖት ምክንያት ደጃፉ የማያስጠጋው አለ፤ የሚያስጠጋውም ለመጋዘን ጥበቃ ያህል ነው። ቢሆንም የዳኛው አሠራር ለነጋዴ ዓይን ሊታይ የሚገባው ነው።

ዳኛው መጀመሪያ ውሾቹን ሁሉ በክብ ያስኬዳቸዋል። ቀጥሎ አንድ በአንድ ያቀርባቸዋል። አፋቸውን ከፍቶ ጥርስና መንጋጋቸውን ያያል፣ ትከሻቸውን፣ ጀርባቸውንና ታፋቸውን በእጁ ይዳስሳል። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ያረጋግጣል። ከዚያ ባለቤቱ ውሻውን ቀጥ ባለ መስመር አርቆ እንዲወስድና እንዲመልስ ያዝዛል። ሲሄድ ከኋላ፣ ሲመለስ ከፊት፣ ዞሮ ሲያልፍ ከጎን ይመለከተዋል።

ለተመልካች ውሾቹ እርስ በርስ የሚወዳደሩ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዳኛው እያንዳንዱን ውሻ የሚያወዳድረው ለዚያ ዝርያ ከተጻፈው መለኪያ ጋር ነው። አንደኛ የሚወጣው ለጽሑፉ ይበልጥ የቀረበው ነው። በዕለቱ የቀረቡት ሁሉ ደካሞች ከሆኑ ዳኛው ሽልማቱን ለማንም ሳይሰጥ ሊያስቀረው ይችላል። የእኛ ገበያ የጎደለው ይህ ነው። እኛ ዘንድ በገበያው ያለው የተሻለ ከብት ሁልጊዜ «አንደኛ» ነው፤ ገበያው ራሱ ወርዶ ቢሆን እንኳ።

በመለኪያው ውስጥ ያለው

ናይሮቢ ውስጥ በየድርጅቱ በር የሚታየውን የጀርመን እረኛ ውሻ እንውሰድ። ዝርያው መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ማኅበሩን ሲመሠርት ነው። ዛሬ ጠባቂ ሆኖ ብናየውም የተመረጠው ቀኑን ሙሉ በግ ለማገድ ነበር። መለኪያው የወንዱ ቁመት ትከሻው ላይ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር፣ የሴቷ ከ55 እስከ 60 እንዲሆን ይጠይቃል። የወንዱ ክብደት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው። የሰውነቱ ርዝመት ከቁመቱ ከ10 እስከ 17 በመቶ መብለጥ አለበት። ከዚህ ያጠረ ርምጃው ይቆረጣል፣ ከዚህ የረዘመ ጀርባው ይደክማል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሦስት ነገር ይዟል። የመጀመሪያው እንስሳው የተፈለገበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ከራስ እስከ ጅራት በቅደም ተከተል የሰውነት አቋሙ ነው፤ ዳኛው የሚወደውን ብቻ አይቶ እንዳያልፍ ቅደም ተከተሉ ይይዘዋል። ሦስተኛው የጉድለት ደረጃ ነው። ነጥብ ብቻ የሚያስቀንስ ቀላል ጉድለት አለ፣ ከባድ ጉድለት አለ፣ ከውድድር የሚያስወጣ ጉድለትም አለ። የጉድለቱ ክብደት የሚመዘነው በእንስሳው ጤናና ሥራ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ልክ ነው።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ሦስተኛው ነው። በስልክ ስንነጋገር የቀለም ጉዳይና የእግር ጉዳይ እኩል ጊዜ ይወስዱብናል። ጠማማ ቀንድ ዋጋ ሲያስቀንስ፣ በወጉ የማይረግጥ የኋላ እግር ሳይታይ ያልፋል።

የራሳችንን ማን ጻፈው?

ባለቤቱ ሳይጽፍ የቀረውን ሌላ ሰው ይጽፈዋል። መቀመጫው ቤልጂየም የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የውሻ ፌዴሬሽን በመዝገቡ የአፍሪካ ውሾች አሉት። ባሴንጂ የመካከለኛው አፍሪካ ውሻ ነው፤ የመለኪያው ባለአደራ ግን ታላቋ ብሪታኒያ ናት። አዛዋክ የሳህል ዘላኖች ውሻ ነው፣ አገሩም ማሊ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የመለኪያው ባለአደራ ፈረንሳይ ናት። ውሻው ከአፍሪካ ነው፣ ምን ዓይነት ውሻ «ትክክለኛ» እንደሆነ የሚወሰነው ግን አውሮፓ ነው።

የቦረና ከብት ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዝርያው የተገኘው ከደቡብ ኢትዮጵያ ከቦረናና ከሊበን ነው። ወደ ኬንያ በእረኞችና በነጋዴዎች እጅ ወረደ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የላይኪፒያ ባለ ርሻዎች እየገዙ ያራቡት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1951 የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ዝርያው ምን መምሰል እንዳለበት በጽሑፍ አሰፈረ፣ የዘር መዝገብ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የኬንያ ቦረና በቀዘቀዘ ፅንስ ጭምር ከአገር ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ደርሷል፤ እዚያም የራሱ አርቢዎች ማኅበር አለው፣ በጨረታም ይሸጣል።

ልብ በሉ፦ ከላይኪፒያ የሚወጣው ኮርማና ከዱብሉቅ የሚወጣው ኮርማ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ላይኪፒያ በምርጫና በግጦሽ አያያዝ ብዙ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ወደ እርባታ ገበያ የሚያስገባው በር መዝገቡ ነው። ያለ መዝገብ የሚመጣው ኮርማ የቱንም ያህል ቢያምር በሥጋው ይመዘናል።

በኢትዮጵያ በኩል ሥራ አልተሠራም ማለት አይደለም። ያቤሎ አጠገብ ያለው የዲዳ ቱዩራ ርሻ የቦረናን ዝርያ ለመጠበቅና ለማሻሻል የቆመ ነው። ቃሊቲ በሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከልም የቦረና ኮርማ ዘር ይሰበሰባል። እረኛውም የራሱ መለኪያ አለው፦ ትልቅ አካል ያለውን ቆርቲ፣ አነስ ያለውን አዩና ብሎ ይለያል። ኮርማ ሲመርጥ ኮርማውን ብቻ አያይም፤ እናቱ ስንት ወለደች፣ በድርቅ ዓመት ወተቷ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ይህ እውቀት ከየትኛውም የውሻ መለኪያ አያንስም። የጎደለው ነገር ቢኖር ከእረኛው አፍ ወጥቶ ከጭነቱ ጋር ኢስትሊ ድረስ አለመምጣቱ ነው።

ጽሑፍም ያሳስታል

መለኪያ መጻፍ በራሱ መድኃኒት አይደለም። የውሻው ዓለም ይህንንም በከባድ ዋጋ ተምሮታል።

ሮዴዢያን ሪጅባክ የተባለው የደቡባዊ አፍሪካ አዳኝ ውሻ መለኪያው የተረቀቀው እ.ኤ.አ. በ1922 ቡላዋዮ ነው። መታወቂያው ጀርባው ላይ ወደ ፊት የሚተኛው የጸጉር መስመር ነው። መስመሩ ለአደን የሚጨምረው ነገር የለም። ለዚህ መስመር ምክንያት የሆነው የዘር ለውጥ ግን አንዳንድ ቡችሎች ከቆዳ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ፣ የሚያመረቅዝ ቀዳዳ ይዘው እንዲወለዱ ያጋልጣል። ለዓይን የተመረጠ ምልክት በሽታ ይዞ መጣ ማለት ነው።

የጀርመን እረኛም አልዳነም። በትርኢት ሜዳ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ጀርባ እያማረ፣ የኋላ እግሩ ይበልጥ የታጠፈ እየተመረጠ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዙ ክራፍትስ ትርኢት ከዝርያው አንደኛ የወጣች ውሻ አካሄዷ በቴሌቪዥን ታይቶ ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ። ቀኑን ሙሉ በግ እንዲያግድ የተፈጠረ ውሻ በሰላም መራመድ ካቃተው መለኪያው ወይም አነባበቡ ከሥራው ተለይቷል።

ለቦረና ይህ ምን ማለት ነው? ቦረና በደረቅ ወቅት በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጠጣ በግጦሽና በጉድጓድ መካከል ረጅም መንገድ የሚመላለስ ከብት ነው። መለኪያው መጀመር ያለበት ከእግርና ከሰኮና ነው። የሻኛው ትልቅነትና የቆዳው ንጣት ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ሆኖም ጉድጓድ ድረስ አያደርሱም። ገዢ ለሻኛ ብቻ ገንዘብ ከጨመረ፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሻኛ ያለው እግር የሌለው ከብት ይገዛል። እንስሳው የሚመጣው ዋጋው በጠራው በኩል ነው።

ለቢላ እና ለበረት

መለኪያ የሚሠራው ከብቱ ለምን እንደተፈለገ ሲታወቅ ነው። ወደ ንጂሩ ወይም ወደ ዳጎሬቲ ቄራ የሚሄደው ሰንጋ የሚመዘነው በክብደቱ፣ በሥጋ አያያዙና በዕድሜው ነው። ለዚህ ዝግጁ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ባለ ሻኛ ከብትን በዓይን ለመመዘን ባለ 9 ደረጃ መመሪያ አሳትሟል። ከብቱ ከሲታ፣ መካከለኛ ወይም ሥጋ የያዘ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም በተራው በሦስት ይከፈላል። የሚታየው ጎድኑ፣ የጀርባ አጥንቱ፣ ዳሌውና የጅራቱ ሥር ነው። ሁለት ነጋዴዎች በዚህ መመሪያ ለጥቂት ቀናት አብረው ቢለማመዱ «ስድስት ነው» የሚለው ቃል ሞያሌም ኢስትሊም አንድ ነገር ይሆናል።

ለእርባታ የሚሄደው ግን ሌላ ነው። ጊደር ከስታ ልትመጣ ትችላለች፤ ሣር ካገኘች ትመለሳለች። የተበላሸ የእግር አጥንት ግን በሣር አይመለስም፣ ለጥጃዋም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ ከቀረ በኋላ ቦረናም፣ ማርሳቢትም፣ ኢሲዮሎም በረታቸው ተራቁቷል። ዛሬ መንጋውን መልሶ ለመተካት የሚገዛ ሰው የሚፈልገው ሥጋ ሳይሆን ከብት የሚወልድ ከብት ነው። የዘንድሮ ምርጫ የሚቀጥለውን አሥር ዓመት መንጋ ይወስናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሩ ጊደር ስለከሳች ብቻ ለቄራ መሸጥ፣ ወይም የወፈረች ጠማማ ጊደር ለእርባታ መግዛት ለሻጩም ለገዢውም ኪሳራ ነው።

በስልክ የሚሠራ መለኪያ

የሚከተለው ለእርባታ ለሚሸጥ ከብት የውሻ ዳኛውን ቅደም ተከተል የተከተለ የአንድ ገጽ መለኪያ ነው። ሻጩ ከመጫኑ በፊት ይሞላዋል፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያነበዋል።

1. አካሄድ። የቆመ ከብት ፎቶ አይበቃም። ውሻ አቅራቢዎች እግሩን በእጃቸው አስተካክለው ስለሚያቆሙት ዳኛው እስኪሄድ ድረስ አያምንም። ከብትም ሽቅብ ቦታ ላይ ቆሞ ከታች ከተነሳ ግዙፍ ይመስላል፤ ውሃ ጠጥቶ ከተነሳ የወፈረ ይመስላል። የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ይጠይቁ፦ ደልዳላ መሬት ላይ ሲሄድ፣ ሲመጣና በጎን ሲያልፍ። የኋላ ሰኮናው የፊቱ ከረገጠበት አጠገብ የሚያርፍ ከሆነ መልካም ነው። አጥሮ የሚያርፍ ወይም ወደ ጎን የሚወረውር ከሆነ ችግር አለ።

2. እግርና ሰኮና። የኋላ እግሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ወይም እንደ እንጨት ቀጥ ያለ፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ይጻፍ። የሰኮናው ሁለት ጣቶች እኩል መሆናቸው ይታይ።

3. አፍና ጥርስ። መንጋጋው መግጠም አለበት። ሁለት ቋሚ የፊት ጥርስ ያወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ስምንቱ ከሞሉ አራት ዓመት አልፎታል። እንደ አመጋገቡ ይለያያል፤ ቢሆንም ከ«ወጣት ናት» ከሚል ቃል ይሻላል። የከንፈሩ ፎቶ ይላክ።

4. ጀርባ፣ ደረትና ዳሌ። ጀርባው ያልሰመጠ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ የጊደሯ ዳሌ ሰፊ። ጠባብ ዳሌ የምጥ ችግር ነው።

5. የመራቢያ አካል። ኮርማ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች የወረዱ፣ እኩልና ጠንካራ መሆናቸው፤ ትልቅ ቆለጥ ያለው ኮርማ ሴት ልጆቹም ቶሎ ይደርሳሉ። ከእምብርቱ ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳ ወደ ሆዱ የተጠጋ ይሁን፤ የረዘመው በእሾህ ይቆስላል። ላም ከሆነች የጡቷ ጫፍ በጣም ወፍራም አይሁን፤ አዲስ የተወለደ ጥጃ ሊይዘው አይችልም።

6. ቆዳ። ለቦረና ነጭም፣ ቀይም፣ ጥቁርም ጸጉር ይሁን። ከጸጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ግን ጠቆር ያለ፣ ጸጉሩም አጭር ቢሆን ፀሐዩን ይችላል።

7. የእናት ታሪክ። ስንት ወለደች፣ በድርቁ ተረፈች ወይ? ይህን እረኛው ብቻ ያውቃል፤ ስለዚህ እረኛው ይጠየቅ፣ መልሱም ይጻፍ።

በመጨረሻ የጉድለት ደረጃው ይቀመጣል። ቀንድና ቀለም ዋጋ አይነኩም። መጠነኛ የጀርባ ስምጠት ዋጋ ያስቀንሳል። ያልወረደ ቆለጥ፣ የማይገጥም መንጋጋ ወይም የሚያነክስ እግር ለእርባታ መሸጥን ይከለክላል፤ ያ ከብት ለቄራ ይሄዳል። ይህ ስምምነት ከጭነት በፊት ከተደረገ ናይሮቢ ላይ አዲስ ሰበብ አይፈጠርም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። አቋም የጤና ምስክር ወረቀትን አይተካም። አፈማዝና የሳምባ በሽታ ቆንጆ አቋም አይተው አያልፉም። ድንበር የሚያሻግረው የእንስሳት ሐኪሙ ወረቀት ነው፤ ይህ መለኪያ ከዚያ ጎን የሚሄድ ነው።

ሂሳቡ

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ሃያ ጊደሮች እያንዳንዳቸው በ60,000 ሽልንግ ለእርባታ ተስማምተው ተጫኑ እንበል። ሲደርሱ ገዢው አራቱን በእግራቸው ምክንያት አልቀበልም አለ፤ በ40,000 ለቄራ ሄዱ። ይህ 80,000 ሽልንግ ጉድለት ነው። በቀሩት 16 ላይም «ከተባለው ያንሳሉ» ብሎ ከእያንዳንዳቸው 3,000 ቀነሰ፤ 48,000 ተጨመረ። በድምሩ 128,000 ሽልንግ በአንድ ጭነት ቀረ።

አሁን በዚያው ገበያ አንድ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ለአንድ ከብት 500 ሽልንግ ተከፍሎት ይህን መለኪያ ሞላ እንበል። ለሃያው 10,000 ሽልንግ ነው። ኪሳራውን ሁሉ ባያስቀርና ግማሹን ብቻ ቢያስቀር እንኳ 64,000 ይተርፋል። አራቱ ጊደሮችም የመኪና ኪራይ ሳይበሉ እዚያው ባሉበት ይሸጣሉ።

ገዢውም ያተርፋል። ዛሬ ገዢ ያላየውን ከብት ሲገዛ ለጥርጣሬው ዋጋ ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ጥሩ ከብት ያመጣ ሻጭ መጥፎ ባመጣው ይቀጣል። ውሎ አድሮ ጥሩውን ከብት ወደዚህ መስመር የሚያመጣ ሰው ይጠፋል። መለኪያው ጥሩውን ለይቶ ሲያሳይ ለጥሩው ሙሉ ዋጋ መክፈል አያስፈራም።

ማኅበር እስኪቋቋም፣ መንግሥታት እስኪስማሙ መጠበቅ አያስፈልግም። የውሻ መለኪያዎችም መጀመሪያ የተጻፉት በጥቂት አርቢዎች ነው። ኢስትሊ ያለ አንድ ገዢና ሞያሌ ያለ አንድ ሻጭ በሚቀጥለው ጭነት ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ወረቀት፣ የሚሄድ ከብት ቪዲዮና የእረኛው ቃል ይበቃቸዋል። ቅጹን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይጻፉት። እያንዳንዱን ጭነት ካስቀመጡ ከዓመት በኋላ የትኛው እረኛ ያሳደጋት ጊደር እንደ ወለደች፣ የትኛዋ እንደ መከነች የሚያሳይ መዝገብ በእጃቸው ይኖራል። ቦረናን አሳድጎ እዚህ ያደረሰው እረኛም ለእውቀቱ የሚከፈለው ያን ጊዜ ነው።